ኳስ የሌለው ፕሌይስቴሽን

ፈረንጅ ለልጅነቱ ገንዘብ ሲያወጣ እጁ አያጥርም። እኔ በምኖርበት የጀርመን ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያውን የሚያስሱ ፀጉራቸው የሸበተ ጎልማሶች አሉ። የሚፈልጉት በልጅነታቸው የተጫወቱባቸውን የቪዲዮ ጌም ካሴቶችና ማሽኖች ነው፤ ለልጆቻቸው እንዳይመስላችሁ፣ ለራሳቸው ነው። ካርቶኑ ካልተቀደደ ዋጋው ሰማይ ይነካል። በሐምሌ 2021 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ማሸጊያው ያልተፈታ አንድ «ሱፐር ማሪዮ 64» አሜሪካ ውስጥ በ1.56 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጧል። ይህን ያህል ገንዘብ የተከፈለው ማንም ላልተጫወተበት ጨዋታ ነው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ለነበረው አብሮ አደጌ ይህን ብነግረው ሳቀብኝ። እሱ ዘንድ ዕቃ የሚከበረው ሠርቶ ገንዘብ ሲያስገባ ነው።

እኛ ፕሌይስቴሽንን የራሳችን አድርገን አናውቀውም። ክረምት ከጦሳ ተራራ ጭጋጉ ሲወርድና ሜዳው ጭቃ ሲሆን ጌም ቤቱ ይሞላል። ክፍያው በግጥሚያ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ወንበሩን ይዞ ይቀጥላል። ከኋላ የቆመው ተራ ጠባቂ ሁሉ አሠልጣኝ ነው፤ «አቀብል!» ይላል፣ ይሳደባል፣ ጎል ሲገባ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። የጆይስቲኩ ቁልፎች ላይ የነበረው ምልክት ከብዙ ጣት ብዛት ጠፍቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው በልምድ ነበር። ማሽኑ ሲዲ አላነብም ሲል ገልብጠን በጀርባው እናስተኛዋለን፤ ደግሞ ይሠራል። የሌንሱ ተሸካሚ ፕላስቲክ እየተበላ ስለሚዘነብል ነው። ጀርመናዊው የሥራ ባልደረባዬም በልጅነቱ ማሽኑን እንዲሁ ይገለብጠው እንደነበር ነግሮኛል። ማን ለማን እንዳስተማረ እንጃ! ልዩነቱ የእሱ ማሽን ዛሬ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ የእኛው ግን ሲሞት ሌንሱ ለሌላ ማሽን ተነቅሎ፣ ቀሪው እንዲሁ ለመለዋወጫ ሲባል አልቋል።

የድሮዎቹን አስመስለው በትንሹ የተሠሩት ማሽኖች የመጡት ይህን የፈረንጅ ናፍቆት በርካሽ ለመሸጥ ነው። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ በኅዳር 2016 የ1980ዎቹን ማሽኑን መዳፍ ላይ በሚያርፍ መጠን፣ 30 ጨዋታ ጭኖበት አወጣ፤ ሰው ተሻማበት፣ ነጋዴም እጥፍ አድርጎ ሸጠው። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በታኅሣሥ 2018 ተከተለ፤ ከጥንቱ ፕሌይስቴሽን 45 በመቶ ያነሰ፣ 20 ጨዋታ የያዘ፣ ዋጋው 100 ዶላር። ወር ሳይሞላው ዋጋው ይወርድ ጀመር። እውነት ለመናገር ማራኪ ነገር ነው። የሚበላሽ ሌንስ የለው፣ የሚጫር ሲዲ የለው፣ በአንድ ገመድ ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ክዳኑ ግን ለጌጥ ነው፤ አይከፈትም።

አንዱን የሶኒ ማሽን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ላለው የወንድሜ ልጅ ይዤለት ሄድኩ። ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች ከገላበጠ በኋላ «አጎቴ፣ ኳሱ የቱ ጋር ነው?» አለኝ። የለም! ከ20ዎቹ ጨዋታዎች አንድም እግር ኳስ የለም። ደሴ ላይ ፕሌይስቴሽን ማለት ኳስ ማለት መሆኑን ለሶኒ የነገረው ሰው አልነበረም። አብሮ አደጌም ማሽኑን እያገላበጠ «ሌላ ጨዋታ የማይቀበል ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ደንበኛ አይመጣም» ሲል ፈረደበት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጉድ ታየ። ማሽኑ በስልክ ፓወር ባንክ ይሠራል፣ ቴሌቪዥኑ ግን አይሠራም።

ያዳነኝ ማሽኑ ላይ ያለው የድብድብ ጨዋታ «ቴክን 3» ነው። የሰፈሩ ልጆች ተጠራርተው መጡ፤ ማንም ሳያዝዛቸው የተሸነፈ መነሳት ጀመረ። ሶኒ የጫነው ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የተዘጋጀውን፣ ከአሜሪካው ይልቅ ዝግ ብሎ የሚሄደውን ቅጂ ስለሆነ ውጭ ያሉ ሰብሳቢዎች አምርረው ወቅሰውት ነበር። ሆጤ ላይ ይህን ያነሳ የለም። የነበረው ክርክር አንዱ ልጅ አንድ ዓይነት ምት እየደጋገመ ማሸነፉ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚል ነበር፤ እኔም ዳኛ ተብዬ አይፈቀድም አልኩ፣ ልጁ ግን እስካሁን አልተቀበለኝም።