የድሬ ዘፈን በቢግ ባንድ ሲሠራ ቅኝቱ አይነካ

ድሬዳዋ በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የተባለውን የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን ያቋቋመች፣ ድምፃዊ አሊ ቢራን ያፈራች ከተማ ናት። በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ የተዘፈኑ የሕዝብ ተወዳጅ ዘፈኖቿ በጃዝ ቢግ ባንድ ተቀናብረው በአልበም ቢወጡ ደስታው የሁላችን ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲታሰብ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ተጫዋች ብዛትና ስለ ስቱዲዮ ኪራይ ይሆናል። አልበሙን የሚያቆመው ቅንብሩ ነው፤ ከበጀቱም ቀድሞ ሊከፈለው የሚገባው አቀናባሪው ነው።

ሙሉ ቢግ ባንድ 17 ሰው ይፈልጋል፤ 5 ሳክስፎን፣ 4 ትራምፔት፣ 4 ትሮምቦን፣ ከዚያ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም። ጣጣው የሚመጣው 13ቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች ማጀብ ሲጀምሩ ነው። ከአምስት ድምፅ ቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ነው። የተለመደውን የጃዝ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ይዞ የመጣ አቀናባሪ ሶል ሰባተኛ የሚባለውን ኮርድ ሲያስገባ ሲ እና ፋ አብረው ይገባሉ፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ዜማው እንዳለ ሆኖ ዘፈኑ ግን ለዛውን ያጣል።

ኮርዱን ከራሱ ከቅኝቱ ማውጣት ይቻላል። አራቱ ትሮምቦን ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ይያዙ። እያንዳንዱ ድምፅ ከቀጣዩ በአራተኛ (ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ ሲቆጠር) ይራራቃል፤ ድምፁ ሰፊና ክፍት ነው፣ ከአምስቱ ውጭ የሆነ አንድም ኖታ የለበትም። በኡድ (በመምቻ በሚመታው ባለ ክር መሣሪያ) የሚጀምር ዘፈን ሲሆን ደግሞ መግቢያውን ለአራት ትራምፔት መስጠት አይገባም። ኡድ ተጫዋቹ በመምቻው እየደጋገመ የሚያንጣጣትን ኖታ አራት ሰው እኩል ሊነፋት አይችልም፤ ይድበሰበሳል። ለአንድ ባሪቶን ሳክስፎንና ለቤዝ ቢሰጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

የሚዘፈንበት ቁልፍም ቀድሞ ይወሰን። የአልቶ ሳክስፎንና የትራምፔት ኖታ ከሚሰማው ድምፅ በተለየ ቁልፍ ስለሚጻፍ፣ ድምፃዊው በሚ ሜጀር ከዘፈነ አልቶ ሳክስፎኑ 7 ሻርፕ (ኖታን በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ምልክት)፣ ትራምፔቱ 6 ሻርፕ ያነባሉ፤ ልምምዱ ሁሉ ስህተት በማረም ያልቃል። ግማሽ ድምፅ ወደ ፋ ከፍ ቢል ወደ 2 እና 1 ይወርዳል።

የድሬ ሙቀትም የራሱ ፈተና አለው። አየሩ ሲሞቅ የትንፋሽ መሣሪያ ድምፅ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ኪቦርዱ ግን ካለበት አይነቃነቅም። የትራምፔቱ ማስተካከያ ቧንቧ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሳብ አየሩ የሚሄድበት መንገድ በ2 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም ድምፁ የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ይወርዳል። ቀረጻው ማለዳ ቢሆን ይሻላል፤ ከሰዓት ቬንትሌተር ካልተከፈተ አይቻልም፣ ከተከፈተም ማይኩ ውስጥ ይገባል።

የዜማና የግጥም ባለቤቶች ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ባለቤቱ ካለፈ በኋላም 50 ዓመት ስለሚቆይ ወራሾችንም መጠየቅ ግድ ነው።

17 ተጫዋች ካልተገኘ ደግሞ ሥራው አይቁም። በ9 ሰው ይጀመር፤ 5 የትንፋሽ መሣሪያ ካለ አራቱ ያንኑ ኮርድ ይይዛሉ፣ አምስተኛው ዜማውን ይነፋል።