ከማሽኑ በፊት ናሙናው

ጽሑፉ በውጭ አገር ካናቢስ በላብራቶሪ እንዴት እንደሚመረመር በደንብ አስረድቷል፤ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ጋዝ ክሮማቶግራፊ (ናሙናውን በሙቀት አትንኖ ንጥረ ነገሮቹን የሚለይ መሣሪያ) ቲኤችሲ የሚባለውን የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር መጠን በትክክል ያሳያል የተባለው ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። መሣሪያው ናሙናውን ስለሚያሞቀው በጥሬው ተክል ውስጥ ያለው ቲኤችሲኤ የሚባለው አሲድ እዚያው ወደ ቲኤችሲ ይለወጣል፤ ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ አያሳይም። ናሙናውን በፈሳሽ አሳልፎ በሚለየው በኤችፒኤልሲ መሣሪያ ግን ያን ያህል ሙቀት ስለሌለ ሁለቱ ለየብቻ ይለካሉ፤ ከዚያ ጠቅላላውን ቲኤችሲ ለማወቅ የአሲዱ መጠን በ0.877 ተባዝቶ ከቲኤችሲው ጋር ይደመራል። ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው ክብደቱ ይቀንሳላ!

እኔ ሐዋሳ ውስጥ የምግብ ላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ካናቢስ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ እኛ ጋ አይመጣም፤ ካናቢስ ላይ የሚደረገው የሻጋታ መርዝ ምርመራ ግን በርበሬና በቆሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ከምንለካበት ብዙም አይለይም። ጽሑፉ ያልነካው ትልቁ ጉዳይ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ሻጋታ በጆንያ ውስጥ እኩል አይሰራጭም። ከላይ አንድ እፍኝ ዘግነው በፌስታል የሚያመጡልን አሉ፤ ከሥር የረጠበው ጥግ ሳይነካ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የፈቀደው የአፍላቶክሲን ቢ1 ጣሪያ በኪሎ 5 ማይክሮግራም ነው፤ በዚህ መጠን ጥቂት የሻገቱ ዛላዎች ውጤቱን ይገለብጡታል። እባክዎ፣ ስለ ናሙና አወሳሰድ አንድ አንቀጽ ይጨምሩበት።