ካሜራ ሠሪዎች መነጽር የምናደርገውን መቼ ነው የሚያስቡን?

ዛሬ ይሄን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰርግና ክርስትና እያነሳሁ ነው የምኖረው። መነጽር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ከፊቴ አይወርድም።

መነጽሬን አድርጌ ቪውፋይንደሩ ላይ (ዓይን አስጠግተን የምናይባት የካሜራው መስኮት) ስጠጋ ምስሉ በሙሉ አይታየኝም። መነጽሩ ዓይኔን ያርቀዋላ! ጠርዝ ጠርዙ ይቆረጣል። ከሥር ያለውን የሹተርና የአይኤስኦ ቁጥር፣ ማለትም የብርሃኑን ልክ፣ ለማየት አንገቴን አነሳለሁ፣ የግራውን ጥግ ለማየት ወደ ጎን እላለሁ። በዚህ መሃል ሙሽራው ቀለበቱን አጥልቆላት ጨርሷል። ቀለበት ደግሞ ድገሙልኝ አይባልም።

«አውልቀዋ፣ ዳዮፕተር አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ከቪውፋይንደሩ ጎን ያለችው ትንሽ የምትዞር ጎማ ቪውፋይንደሩን በዓይን ቁጥር ልክ ለማስተካከል ነው የተሠራችው። ግን ብዙ ካሜራ ላይ ከማይነስ 3 እስከ ፕላስ 1 አካባቢ ሄዳ ታቆማለች። የኔ ዓይን ማይነስ 5 ነው። አስቲግማቲዝምም (የዓይን ቅርጽ መዛባት) አለብኝ፤ እሱን ዳዮፕተር ጨርሶ አያስተካክለውም። ደግሞ ባወልቀውስ? ዓይኔን ከካሜራው ባነሳሁ ቁጥር አዳራሹ ይደበዝዝብኛል። የሙሽሪት እናት ጥግ ላይ ሆና በነጠላዋ እንባዋን ስትጠርግ ማን ይንገረኝ? ጥሩ ፎቶ እኮ መጀመሪያ የሚታየው ከካሜራው ውጪ ነው።

ኮንታክት ሌንስም ሞክሬያለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ እጣን፣ የድንኳኑ አቧራ፣ የመብራቱ ሙቀት ተደማምሮ ማታ ላይ ዓይኔ ደም ይመስላል። በስክሪኑ ላንሳ ብል ቀትር ላይ ፀሐይ ምንም አያሳይም።

የቪውፋይንደሩ ላስቲክ ሲያልቅ ደግሞ ፕላስቲኩ የመነጽሬን ሌንስ ይፍቀዋል። የቀኝ ሌንሴ መሃሉ ተጭሯል። አዲስ ማስቆረጥ ስንት እንደሚያስወጣ መነጽር ያደረገ ያውቀዋል።

የሚያናድደኝ መቻሉ ነው፤ አይቻልም ቢሆን ኖሮ እሺ እል ነበር። ኒኮን ኤፍ3 ኤችፒ የሚባለውን ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1982 ሠርቶታል፤ ዓይን 25 ሚሊ ሜትር ርቆም ምስሉ በሙሉ ይታይበታል። በፊልም ዘመን! ዛሬ ካሜራው የወፍ ዓይን ለይቶ ፎከስ ያደርጋል፣ የኔ ዓይን ግን ትርፍ ሆኗል።

ካሜራ የምትሸጡ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ሜጋፒክስሉን ተዉትና የአይፖይንቱን ቁጥር፣ ማለትም ዓይን ስንት ሚሊ ሜትር ርቆ ምስሉ በሙሉ እንደሚታይ፣ ንገሩኝ። መነጽሬን አድርጌ ልየው ስላችሁም «ካርቶኑ ከተከፈተ ትወስደዋለህ» አትበሉኝ። ስንት ወር ያጠራቀምኩትን ብር ይዤ ነው የመጣሁት፤ ክፈቱልኝና ልይበት።