እርማት፦ ገለባ ብቻውን ግልገል አያሳድግም

«ጡት የጣለች ግልገል በጋውን ገለባ ከጠገበች ይበቃታል» ላልከው ወንድሜ፣ አብሽር፣ ደሴ ላይ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ስህተት ነው። የጤፍም የስንዴም ገለባ ፕሮቲኑ 5 በመቶ አካባቢ ቢሆን ነው። የምታድግ ግልገል 14 በመቶ ገደማ ትፈልጋለች። ሆዷም ገና ትንሽ ስለሆነ ገለባው ቶሎ ይሞላዋል። በዚያ ላይ የጦሳ ተራራ የሌሊት ብርድ አለ፤ የበላችውን ለሙቀት ትጨርሰዋለች።

የተነፋ ሆድ አይተህ ወፈረች አትበል። ጀርባዋን ዳስስ። አከርካሪዋ እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆረቆረህ ተርባለች።

ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ኑጉ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን) ጨምርላት። ግን በጭብጥ ጀምረህ በሁለት ሳምንት ከፍ አድርግ። እህል በአንዴ ከዘረገፍክላት ሆዷ ኮምጥጦ ሊገድላት ይችላል።