የአያቴ እርሻ ላፕቶፕ ውስጥ ነው

አያቴ ገበሬ ነበሩ። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ባህር ዳር ነው። ከእርሻ ጋር ያለኝ ዝምድና ጤፍ ሲወደድ ማማረር ብቻ ነበር። አያቴ የተዉት መሬት ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ ወራሾቹ ግን ዘጠኝ ነን። ዓመት ከዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰን መሬቱ እስካሁን ያበቀለው ነገር ቢኖር ቀጠሮ ነው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አራሽ ሆኛለሁ። ማታ ማታ ራት ከተበላ በኋላ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እቆፍራለሁ፣ እዘራለሁ፣ አጠጣለሁ። ጠዋት ቢሮ ስገባ ዓይኔ ቀልቶ የሚያዩኝ ሰዎች «መጠጥ ጀመረ» ብለው ያሙኛል። ዝም እላቸዋለሁ። ላፕቶፕ ላይ ጎመን ሳጠጣ አመሸሁ ከማለት ሰካራም መባል ይሻላል።

ጥፋቱ የእህቴ ልጅ ነው። ፔዳ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው፣ ሊማር መጥቶ ያረፈው እኛ ቤት ነው። ማሙሽ እንለዋለን፤ ጺሙ ከእኔ ይበልጣል። ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ጌም እንደሚጫወት አውቃለሁ። ለእኔ ደግሞ ጌም ማለት የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሁለት ልጅ ይጫወታል፣ አሥር ልጅ ቆሞ ይሳደባል። ጨዋታው ሁልጊዜ ኳስ ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ አለቀ። ከዚያ ሌላ ጌም አለ ብትሉኝ፣ ከሽሮ ሌላ ወጥ አለ እንደተባለ ላጤ ነበር የምስቀው።

አንድ ማታ ልገሥጸው ገባሁ።

«አንተ ልጅ፣ ፈተና ደርሶ ጌም?»

«ጋሼ፣ ይችን ላጠጣና እመጣለሁ።»

ስክሪኑን አየሁት። ጥይት የለም። ኳስ የለም። አንድ ጭንቅላቱ የተለቀ ልጅ ማጠጫ ይዞ መደብ ለመደብ ይሄዳል። ማሙሽ ታሪኩን ነገረኝ። አያት ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ለልጅ ልጃቸው የታሸገ ደብዳቤ ይሰጣሉ። ልጁ አድጎ ቢሮ ይቀጠራል። ሥራው ሲያንገፈግፈው ደብዳቤውን ይከፍተዋል። ለካ አያቱ እርሻቸውን ተናዘውለታል።

«ሌሎቹ ወራሾችስ?» አልኩት።

«የሉም።»

«ወንበሩን አምጣው» አልኩ።

ጌሙ ስታርዱ ቫሊ ይባላል። ኢንዲ ከሚሏቸው ውስጥ ነው። ኢንዲ ማለት ትልልቅ ኩባንያዎች መቶና ሁለት መቶ ሰው ቀጥረው የሚሠሩት ሳይሆን፣ አንድ ሰው ወይም ጥቂት ጓደኛሞች በገዛ ገንዘባቸው፣ ብዙ ጊዜም ያለ ገንዘብ፣ የሚሠሩት ጌም ነው። ይህንን የሠራው ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ተመረቀ፤ ሥራ አጣ። «እጄን ላፍታታ» ብሎ ጌም መሥራት ጀመረ። ስዕሉን እሱ ሳለው፣ ሙዚቃውን እሱ ደረሰው፣ ንግግሩን እሱ ጻፈው፣ ኮዱንም እሱ። አራት ዓመት ተኩል ፈጀበት። ማታ ማታ ሲያትል ከተማ ውስጥ አንድ ቴአትር ቤት በር ላይ ትኬት እያየ ሰው ያስገባ ነበር፤ የቀረውን ወጪ የምትሸፍነው ፍቅረኛው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌሙ ወጣ። እስከ ዛሬ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

እኔ ግን ሐሳቤ የሄደው ሽያጩ ላይ አልነበረም። ይህ ልጅ ባህር ዳር ቢወለድስ? ተመርቆ ቤት ተቀመጠ። በየሠርጉ «ሥራ ያዝክ?» ይባላል። «ጎመን እየሳልኩ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወር ላይ ዘመድ ይሰበሰባል። ሦስተኛው ወር ላይ ፀበል ይወሰዳል። የፍቅረኛው ቤተሰብ ደግሞ በዚህ መሃል ሌላ ሽማግሌ ተቀብሎ ቀለበት አስሮላታል። አራት ዓመት ተኩሉ ሲሞላ ልጁ ባጃጅ ይነዳል፤ ባጃጁ ጀርባ ላይ አንድ የተጣመመ ጎመን ተስሏል፤ ማንም ምን እንደሆነ አይጠይቀውም።

እርሻውን እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ! አራት ወቅት አለ፤ እያንዳንዱ 28 ቀን ነው። ጳጉሜ የለችም። ቴሌቪዥኑ «ነገ ይዘንባል» ካለ ይዘንባል። ማዳበሪያ በሱቅ አለ። ሰልፍ የለም፣ «አልገባም» የለም፤ ገብተህ ትገዛለህ። የመጀመሪያውን ቀን ማዳበሪያ ስገዛ እጄ ተንቀጠቀጠ። ባለሱቁ ፒየር ይባላል፤ ረቡዕ ረቡዕ ይዘጋል። እኔ ጾመኛ መስሎኝ አከበርኩት። አርብ ሲከፍት አየሁና ግማሽ ጾመኛ ነው ብዬ ተውኩት።

እማዬ ነገሩን ያወቀችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። እማዬ ስፌት ትሰፋለች። ሳሎን ውስጥ አክርማዋን ዘርግታ፣ ወስፌዋን ይዛ፣ ማታም ቀንም። «ምን ስታደርግ ነው የምታመሸው?» ብላ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። የሚመጣውን አውቄ አንገቴን ቀበርኩ። እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑ ላይ ተደፋች። ቆይታ ቆይታ፣

«ማነው የሰፋው?» አለች።

ኮምፒውተር ላይ ስዕል የሚሠራው ከትንንሽ አራት ማዕዘን ነው፤ ፒክስል ይሉታል። ትልልቆቹ ጌሞች ፒክስሉ እንዳይታይ ይደክማሉ። ላቡ፣ የፈረሱ ጋማ፣ ሁሉም እውነት እንዲመስል። እነዚህ ደግሞ ፒክስሉን ከነመልኩ ይተዉታል፤ እያንዳንዷን ነጥብ አንድ ሰው በእጁ ነው ያስቀመጣት። እማዬ ያየችው ይህንኑ ነው። መሶብ ላይ ክብ መሥራት አይቻልም፤ ጥልፉ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ግን የሰፊዋ እጅ የበሰለ ከሆነ ዓይን ራሱ ክብ አድርጎ ያየዋል። «ይች አበባ ሰባት ጥልፍ ናት» አለች ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ። «በሰባት ጥልፍ አበባ ማስመሰል ቀላል አይምሰልህ።»

«አንድ ሰው ነው የሠራው» አልኳት። «አራት ዓመት ተኩል።»

«ለአንድ መሶብ?» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «ከነክዳኑ ከሆነ ይሆናል።»

ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ፊት የቆማችሁ ታውቁታላችሁ። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ክፉው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ማን ማን እንደሆነ ከበሩ ላይ ሆነህ ትለያለህ። እዚያ ቆሞ «ይሄ ፎቶ አይመስልም» የሚል ቱሪስት አላጋጠመኝም። ጌም ሲሆን ግን «ግራፊክሱ ደካማ ነው» የምንል ብዙ ነን። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ ስለ ግራፊክስ የማውቀው ነገር ቃሉን ብቻ ቢሆንም።

አሁን ወደሚያሳፍረው ልሂድ። እኔ መስኮት ጀርባ የምቀመጥ ሠራተኛ ነኝ። ባለጉዳይ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ አያለሁ፣ እመልሳለሁ። ማሙሽ ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል፣ «ጋሼ፣ ለአንተ የሚሆን ሌላ አለ» ብሎ ፔፐርስ ፕሊዝ የሚባለውን ከፈተልኝ። ሉካስ ፖፕ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው። አርስቶትስካ የምትባል የሌለች አገር አለች። አንተ ድንበሯ ላይ ፓስፖርት የምታይ ሠራተኛ ነህ። መሣሪያህ ማህተም ነው። አረንጓዴ፣ ይግባ። ቀይ፣ ይመለስ። በቃ።

ጌም ውስጥም መስኮት! ሳቅሁ። «ይሄንማ አውቀዋለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የፈለግሁት «ነገ ተመለስ» የሚል ማህተም ነበር። የለም። «ሲስተም የለም» የሚልም የለም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ለማለት የሚነካ ቦታ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ለካ ሰውዬው የሚከፈለው ባስተናገደው ሰው ልክ ነው። ስታዘገይ ደመወዝ የለም። ስትቸኩል ትሳሳታለህ፤ ሁለት ስህተት ማስጠንቀቂያ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይቆረጥብሃል። ማታ ቤትህ ስትገባ ሒሳብ ይቀርብልሃል፤ ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያ። እኔ በቢሮ ልማዴ ተዝናንቼ ሰው ሳመላልስ ቤተሰቤ ብርድ ላይ ወደቀ። ልጄ ታመመ። አማቴ ሞቱ።

አማቴን ገድዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ እስከ ምሳ 14 ሰው አስተናገድኩ። አለቃዬ «አሞሃል እንዴ?» አለኝ። ከባለጉዳዮቹ አንዱ፣ ከገጠር የመጡ አባት፣ ወረቀታቸውን ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም። «አለቀ ነው የምትለኝ?» አሉ። «አለቀ አባቴ።» «ዛሬ?» «ዛሬ።» ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያስ ማንን ነው የማናግረው?» አሉኝ።

ይህን ያደረገው ስብከት አይደለም። ቢሮአችን ስለ ቅን አገልግሎት ስንት ሥልጠና ሰጥቶናል፤ አበሉን እንጂ ሌላውን አላስታውስም። ሉካስ ፖፕ ምንም አልነገረኝም። ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝና ዝም አለ። (ለውጡ ሁለት ሳምንት ነው የቆየው። አሁን ወደ ጤናዬ ተመልሻለሁ።)

ጎረቤታችን የሰፈር ሽማግሌ ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ መጥተው ማሙሽ አንደርቴል የሚባለውን ሲጫወት አዩ። እሱንም ቶቢ ፎክስ የሚባል ሰው ነው፣ ሙዚቃውን ጨምሮ አብዛኛውን ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው። ጭራቅ ይገጥምሃል። ልትገድለው ትችላለህ። ግን ልታወራው፣ ልታሞግሰው፣ ልትቀልድለትም ትችላለህ፤ ልቡ ሲራራ «ማርኩህ» ብለህ ታልፈዋለህ። አንድም ሳትገድል መጨረስ ይቻላል። ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ሽምግልና ነው እንዴ ይሄ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ካሣውስ?»

«ካሣ የለውም።»

«አይጸናም» አሉና ሲኒያቸውን አነሱ። ሆኖም ሦስት ጭራቅ እስኪታረቅ አልተነሱም።

ስለ መዘግየት አንድ ነገር ልበል። አውስትራሊያ አደሌድ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሆሎው ናይት የሚባል ጌም ሠርተው፣ ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ2019 «እየሠራን ነው» አሉ። የወጣው በ2025 ነው። በወጣበት ሰዓት ገዢው ከመብዛቱ የተነሣ የኢንተርኔት መሸጫዎቹ ተጨናንቀው ቆሙ። ለምን ዘገያችሁ ሲባሉ፣ ሥራው ስላስደሰታቸው ነው። የሰፈራችን ኮብልስቶንም እንዲሁ ዘግይቷል፤ የተደሰተ ሰው ግን አላየሁም።

ማሙሽ ራሱ ጌም ጀምሯል። ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ፣ አንድ ቀዛፊ፣ ጣና። ጭነት ይዘህ ከደሴት ደሴት ትሻገራለህ። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ አውጥተህ ፀሐይ ላይ ማድረቅ አለብህ። ጠላት ጭራቅ አይደለም፤ እንቦጭ ነው። አንዱን ስትነቅል ሁለት ይበቅላል። «ይሄስ እውነት ነው» አልኩት። ጉማሬም ይኖረዋል ተብሏል። እስካሁን ግን ያለው ውሃ ብቻ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ውሃ ነው የሳለው።

ያዘገየችው እማዬ ናት። ማታ ማታ አምጥቶ ያሳያታል።

«ይሄ የየት ውሃ ነው?»

«የጣና ነዋ፣ እማማ።»

«ጣና ጠዋት እንዲህ አይደለም። ጠዋት ወተት ነው። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ሲነሣ ነው የሚጠቁረው።» ከዚያ ቀለም ውስጥ ከነከረችው አክርማ አንዱን መዝዛ፣ «ይሄን አስመስለው» ትለዋለች። ማሙሽ አክርማውን ስክሪኑ አጠገብ ይለጥፋል። አሁን ላፕቶፑ ዙሪያውን ሣር አብቅሏል።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ትልቁን ጌም አይችለውም፣ እነዚህን ግን ይችላል። ኢንተርኔትም አይፈልጉም። ኔት ጠፍቶ በከረመባቸው ወራት ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን አቅፎ ሲተክዝ ማሙሽ በረጋ መንፈስ ዓሣ ያጠምድ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ስታርዱ ቫሊ ቀኑን የሚመዘግብልህ ስትተኛ ነው። ገበሬው አልጋው ላይ ካልወጣ የዕለቱ ድካም አይያዝም። ትናንት ማታ መደቡን በሙሉ አጠጥቼ፣ አሥራ ሁለት ዱባ ቆርጬ፣ አንዱን ለአንዲት ባልቴት ስጦታ አድርሼ፣ ወደ አልጋዬ ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ መብራት ሄደ።

ጨለማው ውስጥ ሳልነቃነቅ ቀረሁ።

«ምን ሆንክ?» አለች እማዬ ከሳሎን።

«ቀኑ አልተመዘገበልኝም።»

«ጠዋት ካጠጣኸው ይደርሳል።»

«ዱባውን ቆርጬ አንዱን ለሴትዮዋ ሰጥቻት ነበር እኮ፣ እማዬ።»

መልስ አልሰጠችኝም። ሻማ የምትፈልግ መስሎኝ ጠበቅሁ። ከሳሎን የሚሰማው ግን ወስፌው አክርማውን ሲበሳ ነው፤ ጭር፣ ጭር።

«በጨለማ ትሰፊያለሽ?»

«የት እንደደረስኩ ጣቴ ያውቀዋል» አለች። «ይልቅ ያቺን ዱባ የተቀበለችህ ሴትዮ መልሳ ትሰጥሃለች ወይ?»