አፈ ቅቤ ለሰው ሲሆን

በጎጃም «ጥሩ ዕቃ ራሱን ይሸጣል» የሚል ጽኑ እምነት አለ። እምነቱን በዓይኑ ማየት የሚሻ ሰው በገበያ ቀን ደብረ ማርቆስ ወርዶ ቅቤ ይግዛ።

«እናቴ፣ ቅቤው ለጋ ነው?»

«አፍንጫ የለህም እንዴ?»

«ዋጋውስ አይቀንስም?»

«ካልፈለግህ ተወው።»

ንግግሩ በዚህ አለቀ። ገዢው በጥፍሩ ጫፍ ቆንጥሮ ያሸታል፣ በእጁ ጀርባ ላይ ያሻሸዋል፤ ሻጯ ግን ወዲያ ማዶ የታሰረ አህያ ትመለከታለች። ላሚቱን ምን እንዳበላች፣ እርጎውን ስትንጥ ክንዷ እንዴት እንደዛለ ትንፍሽ አትልም። ቅቤዋን ማመስገን ልመና ይመስላታል።

ይህችኑ ሴት ለበዓል ቤቷ ሄዳችሁ እዩዋት። «ጠግቤያለሁ» ማለት እዚያ ቤት የድርድሩ መክፈቻ ነው። «ምነው፣ ወጡ አልጣመህም?» ብላ በጥፋተኝነት ትጀምራለች። ቀጥላ «በሞቴ!» ትላለች፤ ለአንድ ጉርሻ ነፍሷን ማስያዟ ነው። የጎረሰላትን ደግሞ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ታስውጠዋለች፤ ሦስተኛው በሥላሴ ስም ይመጣል። እንግዳው ቀበቶውን ፈታ አድርጎ፣ ላቡን እየጠረገ፣ አመስግኖ ይወጣል። ይህን ሁሉ ጥበብ ያፈሰሰችው ምግቧን በነጻ ለመስጠት ነው። የዚህን ሩብ ያህል ገበያ ላይ ብታውለው ቅቤው ረፋድ ላይ ባለቀ ነበር።

ነገራችን እንዲህ ነው። ለሰው ሲሆን አንደበታችን ይፈታል፤ ለራሳችን ኪስ ሲሆን ይተሳሰራል።

ገበያ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኝበት፣ አውሮፓውያን መንገደኞች ሳይቀሩ የጻፉለት ትልቅ ገበያ ነበር። ነገር ግን ንግዱን በአብዛኛው ለሙስሊም ወንድሞቻችን ትተን፣ እኛ በእርሻውና በጦርነቱ ስንኮራ ኖርን። መኳንንቱ ነጋዴውን እየናቁ ቀረጡን ይቀበሉ ነበር። ለእኛ የተረፈን ንቀቱ ብቻ ነው፤ ቀረጡን ሌላ ሰው ወሰደው። አሁንም አንደበቱ የለሰለሰ ሻጭ ስናይ «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ብለን ኪሳችንን እንጨብጣለን።

እውነተኛ አሻሻጭ ማየት የፈለገ የቆሎ ተማሪውን ይመልከት። እንደ ዋሸራ ባሉ የቅኔ ቤቶች የተማሩ ስንት ሊቃውንት በዚህ መንገድ አልፈዋል። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ መንደር ይወርዳል። የሚሸጠው አንዳች ዕቃ የለውም። በሩ ተዘግቷል፤ በሩ ላይ ደግሞ ውሻ አለ። በትሩን ወደ ውሻው፣ ዜማውን ወደ ባለቤቲቱ አዙሮ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል፤ ቁራሹም ይወጣለታል። ተመልሶ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቋጥሮ መምህሩ ፊት ይቆማል፤ እዚያም የማያሳምን ቃል አያልፍም። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ማን አለው? ግን አስተውሉ፣ የሚለምነው በማርያም ስም ነው። «ስለ እኔ ስትሉ በል» ቢባል እዚያው በር ላይ ጦሙን ባደረ ነበር።

ሽማግሌዎቻችንም ያው ናቸው። ልጅ ሊያጩ ሲሄዱ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢባሉ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። ሽማግሌ አቁሞ ማቆየት ነውር መሆኑን ባለቤቱም ያውቃል፣ እነሱም ያውቃሉ፤ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ግማሹን ሥራ ሠርተዋል። ከዚያ ልጁን ያቀርቡታል። ሰነፍ ከሆነ «ረጋ ያለ ነው»፣ ቁጡ ከሆነ «ሆዱ ውስጥ ቂም አያድርም»፣ መሬት ከሌለው «ተምሯል»። የልጅቱ አባት «እስኪ ዘመድ ላማክር» ሲል ጀማሪ ሻጭ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ሽማግሌ ግን ቀጠሮ ተቀብሎ ይወጣል፤ በቀጠሮው ቀን የአባትየውን የንስሐ አባት ጨምሮ ይመጣል።

ይኸው በሦስት ሽማግሌ አንደበት የተሞካሸ ልጅ ባሕር ዳር ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል።

«እስኪ ስለ ራስህ ንገረን።»

ጫማውን ያያል። «ያው እንግዲህ… ዲግሪ አለኝ።»

«ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በምን ትሻላለህ?»

«እሱንማ እናንተ ታውቁታላችሁ።»

ሽማግሌ አስከትሎ መግባት ቢፈቀድ ኖሮ ዛሬ የመምሪያ ኃላፊ ነበር።

ብዙ የሚናገሩትም ቢሆኑ ሁሉም ያሳምናሉ ማለት አይደለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጤፍ በመስመር ቢዘራ በሄክታር 30 ኪሎ ገደማ ይበተን የነበረው ዘር ወደ 5 ኪሎ እንደሚወርድ ከሰነዱ ያነባል። ገበሬው በእሺታ ያዳምጠዋል፣ በእሺታ ይሸኘዋል፣ ሐምሌ ላይ እንደ አያቱ በትኖ ይዘራል። ያንን ደቃቅ ዘር ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ በመስመር የሚያፈሰው የማን ወገብ እንደሆነ የጠየቀው የለማ! ሰነዱን ዘግቶ ስለ ወገቡ ቢያነሳበት ኖሮ ውይይቱ ያን ጊዜ ይጀመር ነበር።

እኛ ዝም ስንል ሌላው ይናገርልናል፤ በነጻ ግን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ «የጎጃም ማር»፣ «የጎጃም ጤፍ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈው ሱቅ ብዙ ነው። ከማሮቹ መካከል የዓባይን ድልድይ ተሻግረው የማያውቁ፣ ዝምድናቸውም ከንብ ይልቅ ከስኳር የሆነ አይጠፉም። ስማችን 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ገበያ ሲደራለት፣ ስሙን ያተረፈችው ሴት አህያ ትመለከታለች።

ደምበጫ ከብት ገበያ ላይ ያየሁት ግን ከዚህ ሁሉ ለየት ይላል። ደላላው አንድ ዳልቻ በሬ እያሻሸጠ ነበር። «ይህ በሬ አይደለም፣ ትራክተር ነው! ቀንበር ሲያይ አንገቱን ራሱ ያቀርባል! ጅራፍ ምን እንደሆነ አያውቅም!» ገዢው የበሬውን ጥርስ ገልጦ አየ፤ ሻኛውን ዳበሰ፤ ከደላላው ዓይኑን አንሥቶ ባለ በሬውን ጠየቀ።

«እውነት ነው?»

ባለ በሬው በትሩን ተደግፎ ትንሽ አሰበ። «በቀኝ ሲጠመድ ደህና ነው» አለ። «በግራ ከጠመድኸው ግን ይለግ…» ደላላው እግሩን ረገጠው።

ገዢው ሳቀ። የሞተበት በሬ የቀኙ እንደነበረና የቀረው የግራው እንደሆነ ተናገረ። «ነውሩን የነገረኝ ሰው ሌላውን አይደብቀኝም» ብሎ ከተጠየቀው ላይ ብዙም ሳያስቀንስ ብሩን ቆጥሮ ሰጠ፤ በሬውንም እየነዳ ሄደ። ደላላው ከገዢም ከሻጭም ድርሻውን ተቀብሎ ጨርሷል።

«አየህ» አለው ባለ በሬውን፣ ብሩን እየቆጠረ፤ «በጊዜ ባልረግጥህ ኖሮ ሁሉንም ዘርግፈህ ገበያውን ታበላሸው ነበር።»