እጃችሁ ይባረክ!

የብስክሌት መስመር ለሚነድፉልን ባለሙያዎች እስካሁን ሐውልት አለመቆሙ ያሳዝነኛል።

መኪና በማይታጠፍበት፣ አውቶቡስ በማይቆምበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሠሩትን እዩላቸው። የጠርዝ ድንጋይ አለ። የፕላስቲክ ምሰሶ አለ። አረንጓዴ ቀለም አለ። ብስክሌተኛው እንደ ሙሽራ ታጅቦ ይሄዳል። መስቀለኛው መንገድ ጋ ሊደርስ ሲል ግን አጃቢው ሁሉ ብን! ድንጋዩም የለ፣ ምሰሶው የለ፣ ቀለሙም አልቋል። ከዚያ በኋላ እሱና ፈጣሪው ይወቁት። ግጭት የሚበዛው መስቀለኛ ላይ መሆኑን ማን ያጣዋል? ጀግና የሚለየውስ የት ሆነና!

ኔዘርላንዶች ግን ሰው ማቅበጥ ይወዳሉ። ማዕዘኑ ላይ የድንጋይ ደሴት ይሠራሉ፤ የሚታጠፈው መኪና ሳይወድ ይቀዘቅዛል። የብስክሌቱን ማቋረጫም ከዋናው መንገድ አንድ መኪና የሚያስቆም ያህል፣ 5 ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይስቡታል። ሾፌሩ ታጥፎ ሲጨርስ ብስክሌተኛውን ፊት ለፊት ያየዋል። ቆሞ ቢያሳልፈውም ከኋላው ላለው መንገድ አይዘጋም። ቅንጦት! እዚህ እኮ በስፖኪዮ ጥግ እንደ ጥላ ሽው ሲል ካየኸው ዕድለኛ ነህ።

ፌርማታውማ ቅኔ ነው። መስመሩ ይቋረጥና አውቶቡሱ ጠርዙን ይይዛል። ብስክሌተኛው ዞሮ ይቀድመዋል። አውቶቡሱ ተነስቶ መልሶ ይቀድመዋል። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ደግሞ ይገናኛሉ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ዝምድና ይፈጥራሉ። መስመሩን በፌርማታው ጀርባ አዙሮ፣ ተሳፋሪውን በመሃል ደሴት ላይ ማስጠበቅ ይቻል ነበር። ግን ይህ ሁሉ ዝምድና ይቅር?

(ደሴቱን የሚሠሩም አሉ፤ ስፋቱን ይረሱታል እንጂ። የሕፃን ጋሪ የያዘች እናት ከአውቶቡስ ስትወርድ ጋሪው ቀድሟት ብስክሌት መስመር ውስጥ ይገባል። የእግረኛውን ማቋረጫ ከፍ አድርጎ ብስክሌተኛውን ማቀዝቀዝ፣ ለዓይነ ስውር በዱላ የሚለይ ንጣፍ ማንጠፍ... ምን በወጣቸው!)

ምርቃቱ ግን ታይቶ አይጠገብም። ሪባኑ የሚቆረጠው ቀጥ ያለው፣ ድንጋይ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ባለሥልጣኑ የራስ ቁር አጥልቀው 200 ሜትር ይነዳሉ። ፎቶ ይነሳሉ። መስቀለኛው ጋ ሳይደርሱ ይወርዱና፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ እዚያው ብስክሌት መስመር ላይ የሚጠብቃቸው መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ።